የዩኤን አውሮፕላን ቦምብ ይጥላል እንዴ?

ከሰሌዳው ጎን (ቋሚ ዓምድ)

በዛሬው ዓምዳችን ስለ ፈተና ዝግጅት ልንጽፍ አስበን ነበር። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ቀደመን፤ ጥያቄውም ከላይ በርዕሱ ያነበባችሁት ነው። የጠየቀን የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነው። ከእሱ ቀጥሎ ደግሞ እናቱ መጡና “መምህር፣ ይሄ ጌም የሚሉት ነገር ልጄን ሊወስድብኝ ነው፤ እባካችሁ አንድ ነገር በሉልን” አሉን። ስለዚህ ፈተናው ለሚቀጥለው እትም ይቆየንና ዛሬ ስለዚሁ ጌም እናውጋ።

ጌም ቤት ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። በካርቴዎቹም ሆነ በባልባላ የምታዩት አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ቬንትሌተርና ሁለት አግዳሚ ወንበር ያለበት ጠባብ ክፍል ነው። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ከጣት እምብዛም የማትበልጥ ዕቃ ትሰካለች። በውስጧ ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በፊት የተሠሩ ጌሞች በሺህ ተጭነውባታል። ልጆቹ ሳንቲም አዋጥተው በተራ ይጫወታሉ፤ ተራ ያልደረሰው ቆሞ ያያል፣ ይጮሃል፣ ይመክራል። እውነቱን ለመናገር ግማሾቹ የሚሄዱት ለጌሙ ሳይሆን ለቬንትሌተሩ ነው ብንል አልተጋነነም።

ልጁ የጠየቀን ስለ አንዱ ጌም ነው። ስሙ “ዩ.ኤን. ስኳድሮን” ይባላል። ካፕኮም የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1989 ሳንቲም ለሚጎርሱት ትልልቅ የጌም ቤት ማሽኖች፣ በ1991 ደግሞ ሱፐር ኒንቴንዶ ለተባለው የቤት መጫወቻ አወጣው። (ከዚህ በታች “ዓ.ም.” ካላልን በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አንድ ተዋጊ ጄት በጎኑ ይታያል። አፍንጫው ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ነው። ከፊት ሌሎች ጄቶች ይመጣሉ፣ ከታች ታንክና መድፍ ይተኩሳሉ፣ በመጨረሻ እንደ ተራራ የሚያህል መርከብ ወይም ምሽግ ይጠብቃል። መተኮስና ማምለጥ ነው ሥራው። ጄቱ አንዴ ሲመታ የአደጋ ምልክት ይበራል፤ ሳያገግም ከተደገመ አለቀለት።

ለተማሪዎቻችን መጀመሪያ የነገርናቸው ነገር አውሮፕላኑ ጨርሶ እንደማይበር ነው! አላመኑንም። ስለዚህ ከብስኩት ካርቶን መስኮት ቀደድንና ረጅም ወረቀት በሁለት እንጨት ጠቅልለን በውስጡ አሳለፍን። ወረቀቱ ወደ ግራ ሲጎተት ካርቶኑ ላይ የተለጠፈችው ትንሽ አውሮፕላን ወደ ቀኝ የምትከንፍ ትመስላለች። ቴሌቪዥኑ ላይም የሚሆነው ይኸው ነው፤ የሚሄደው መሬቱ እንጂ ጄቱ አይደለም። ራቅ ያለው ተራራ በዝግታ፣ ቀረብ ያለው ዛፍ በፍጥነት እንዲያልፍ ሲደረግ ደግሞ ዓይናችን ርቀት ያለ ይመስለዋል። በባቡር መስኮት ያየ ሰው ያውቀዋል። ይህን ዓይነት ጌም ገና በ1981 “ዲፌንደር” እና “ስክራምብል” የተባሉት በሰፊው አስተዋውቀውት ነበር። ከሁሉም በላይ ግን ልብ በሉ፤ መሬቱ ራሱ እየገፋ ስለሚያመጣው ተጫዋቹ መቆም አይችልም፣ ወደ ኋላ መዞርም አይችልም። ይህን ነገር ያዙልን፤ ወደ በኋላ እንፈልገዋለን።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ። ጌሙ በጃፓን ሲሸጥ ስሙ “ዩ.ኤን.” የሚባል ነገር አልነበረበትም፤ “ኤሪያ 88” ነበር። ካኦሩ ሺንታኒ የተባለ ሠዓሊ ከ1979 እስከ 1986 ሲያወጣው ከነበረ የሥዕል ታሪክ የተወሰደ ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው። ሺን ካዛማ የሚባል ወጣት የመንገደኛ አውሮፕላን አብራሪ ለመሆን ይማራል። አብሮ አደግ ጓደኛው በመጠጥ አስክሮ አንድ ወረቀት ያስፈርመዋል። ወረቀቱ የቅጥረኛ ወታደር ውል ኖሯል። ልጁ ሲነቃ በእርስ በርስ ጦርነት በምትነድ፣ አስራን በምትባል በደራሲው ምናብ በተፈጠረች የበረሃ አገር ይገኛል። ከዚያ ለመውጣት ወይ ሦስት ዓመት ማገልገል፣ ወይ አንድ ሚሊዮን ተኩል ዶላር ከፍሎ ውሉን ማፍረስ አለበት። ከጠፋ ይረሸናል። ገንዘቡን የሚያገኘው ደግሞ በሚጥለው አውሮፕላን ልክ ነው፤ ጥይቱንና ነዳጁን ግን ከራሱ ኪስ ይገዛል። ማኮይ የሚባል ሽማግሌ ነጋዴ አለ፤ ገንዘብ ይኑርህ እንጂ የማይሸጥልህ ነገር የለም። ጌሙም ላይ ከየውጊያው በፊት ሱቁን ከፍቶ የሚጠብቀው እሱ ነው።

እንግዲህ ፍረዱ! ይህ ታሪክ ለጃፓን ልጆች ሩቅ አገር የተፈጠረ ተረት ነው። ለእኛ ግን የሰፈር ወሬ ነው። ጓደኛ መስሎ የሚመጣ ደላላ፣ ያልተነበበ ውል፣ ደርሰህ ስትነቃ ሌላ ሆኖ የሚጠብቅ አገር፣ ሠርተህ የማትጨርሰው ዕዳ። ኦቦክን የሚያውቅ ሰው ይህን አያጣውም። በ2024 ሚያዝያ ወር ብቻ በጎዶሪያ ጠረፍ በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጀልባዎች ሰጥመው ከየመን ይመለሱ የነበሩ ወገኖቻችን አልቀዋል። መሄዳቸውም መመለሳቸውም በደላላ እጅ ነበር። ስለዚህ ለትልልቆቹ ተማሪዎች ያልናቸው አጭር ነው፤ ሺን ካዛማ መጀመሪያ የተሸነፈው በሰማይ ላይ ሳይሆን ብዕር በያዘባት ደቂቃ ነው። ያላነበባችሁትን አትፈርሙ። በማታውቁት ቋንቋ የተጻፈ ከሆነ ይዛችሁት ኑ፤ አብረን እናነበዋለን።

ወደ ልጁ ጥያቄ እንመለስ። ጌሙ ወደ ሌሎች አገሮች ሲላክ ቅጥረኞቹ በአንድ ጊዜ የተባበሩት መንግሥታት ጓድ ተባሉ። ልጁ ፊደል የቆጠረ ነውና በቴሌቪዥኑ ላይ ያነበባቸው ሁለት ፊደላት በእናቱ የስደተኛ ወረቀት ላይ ካሉት ጋር አንድ ሆኑበት። “ቲቸር፣ ዩኤን ቦምብ ይጥላል እንዴ?” ማለቱ ከዚህ የተነሣ ነው። ሲያስቡት ያስደነግጣል። ለዚህ ልጅ ዩኤን ማለት ካርድ ነው፣ ቀጠሮ ነው፣ “ገና አልደረሰም” የሚል መልስ ነው።

መልሳችን እንዲህ ነበር። ዩኤን አንድ ቤት ሳይሆን ብዙ ቤት ነው። የእኛን ፋይል የያዘው የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን በታኅሣሥ 1950 የተቋቋመ ሲሆን ከጦር ጋር ሥራ የለውም። ዩኤን የሚል የተጻፈባቸው ነጫጭ አውሮፕላኖች አብዛኛውን ጊዜ የሚያመላልሱት ሰውና ዕቃ ነው፤ የእርዳታ ሠራተኞችን የሚያጓጉዘውን የበረራ አገልግሎት የሚመራው የዓለም ምግብ ፕሮግራም ነው። ዩኤን የራሱ ጦር ሠራዊትም ሆነ የራሱ ተዋጊ ጄት የለውም፤ ሲያስፈልገው ከአባል አገሮች ይለምናል።

“እና ጭራሽ ቦምብ ጥሎ አያውቅም?” ካላችሁ ደግሞ እውነቱን መደበቅ አይገባም። አንድ ጊዜ ተዋጊ ጄት አሰልፏል፤ በዚያ ውስጥም እኛው ነበርን! ነገሩ በኮንጎ ነው። ካታንጋ የተባለው በማዕድን የበለፀገ ክፍለ ሀገር ከኮንጎ ልገንጠል ብሎ ነጭ ቅጥረኞችን አሰለፈ። በመስከረም 1961 ፉጋ ማጂስቴር የምትባል አንዲት ትንሽ ጄት የዩኤንን ወታደሮች ከሰማይ እየወረደች መከራ አሳየቻቸው። ዩኤን የሚመልስበት አውሮፕላን አልነበረውም። ኢትዮጵያ ጄት ልላክ ብትልም እንግሊዝ በምትገዛው ኡጋንዳ በኩል የሚያልፉበት ፈቃድ ዘገየ። (ፈቃድ መጠበቅ ምን እንደሆነ ለእናንተ አንነግራችሁም!) በዚያው ወር፣ መስከረም 18፣ ዋና ጸሐፊው ዳግ ሐመርሾልድ የነበሩበት አውሮፕላን ንዶላ አጠገብ ወድቆ ሞቱ። ከዚያ በኋላ ነው የስዊድን፣ የህንድና የኢትዮጵያ ጄቶች ኮንጎ የገቡት። የኢትዮጵያ አየር ኃይል የላከው አራት ኤፍ-86 ሴበር ነበር።

እንግዲህ ልዩነቱን ተመልከቱ። በጌሙ ውስጥ ቅጥረኞች የዩኤንን ስም ለብሰው ይዋጋሉ። በታሪክ ግን የዩኤንን ስም ይዘው የሄዱት ከደብረ ዘይት የተነሡ አብራሪዎች ሲሆኑ፣ ከወዲያ በኩል የተሰለፉት ቅጥረኞቹ ነበሩ። ነገሩ ተገልብጦ ነው የተሸጠልን። ይህን ስንነግራቸው ከክፍሉ የወጣው ጩኸት ጌም ቤቱን አስንቋል።

ስለ አውሮፕላኖቹም ጥቂት እንበል፤ ልጆች ይወዳሉና። በቤት መጫወቻው ላይ ተጫዋቹ የሚጀምረው ክሩሴደር በምትባል አሮጌ ጄት ነው። ጅቡቲ ነፃ በወጣችበት በ1977 የፈረንሳይ ባሕር ኃይል ክሩሴደሮች ከአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ እየተነሡ በዚህችው ባሕር ላይ ይበሩ ነበር። ዛሬ ከአምቡሊ ተነሥተው ጣሪያችንን የሚያንቀጠቅጡት ሚራዦች ናቸው። የሺን ካዛማ አውሮፕላን የምትባለው ደግሞ ኤፍ-20 ታይገርሻርክ ናት። እሷ የተወለደችው አባቶቻችን በደንብ ከሚያውቁት ከኤፍ-5 ነው። የተሠሩት ሦስት ብቻ ናቸው፤ ሁለቱ ከነአብራሪዎቻቸው ተከሰከሱ፤ አንድም አገር ሳይገዛት በ1986 ሥራው ተቋረጠ። በዓለም ላይ ገዢ ያጣችው አውሮፕላን በልጆች ጌም ውስጥ ዛሬም ትበራለች። የጌሙ ውድ አውሮፕላን አንድ ሚሊዮን ዶላር ይጠየቅበታል፤ ልጆቹ ያንን ለማግኘት ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ይቀመጣሉ።

ኤፍ-5ን ካነሣን አንድ ሰው ሳንጠቅስ አናልፍም። ለገሠ ተፈራ በ1977ቱ የኦጋዴን ጦርነት በኤፍ-5 ከተዋጉት አብራሪዎች አንዱ ናቸው። አውሮፕላናቸው ተመታ፣ ተማረኩ፣ በሶማሊያ እስር ቤት 11 ዓመት ቆዩ። ጌሙ ላይ ስትወድቅ ሌላ ነፍስ ይሰጥሃል፤ ሲያልቅብህ “ቀጥል” የሚል ጽሑፍ ይመጣል። እውነተኛው “ቀጥል” ግን 11 ዓመት ፈጀ። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ዝም አሉ። አንዱ በጣቱ ቆጥሮ “ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል” አለ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። በጌሙ ውስጥ ከአውሮፕላኑ በታች ሰው የለም። ታንክ አለ፣ መድፍ አለ፣ ምሽግ አለ። ገበያ የለም፣ ትምህርት ቤት የለም፣ ውኃ የምትቀዳ ሴት የለችም። እኛ ግን አብዛኞቻችን ጦርነትን የምናውቀው ከዚያ ከታች ካለው ቦታ ነው። ጌሙ በወጣ በዋዜማው ዓመት፣ ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም.፣ በትግራይ ሐውዜን ከተማ በገበያ ቀን አውሮፕላኖች መጥተው ሕዝብ ጨረሱ። በዚያው ክረምት በጎረቤታችን በሐርጌሳ አውሮፕላኖች ከከተማዋ ከራሷ ማረፊያ እየተነሡ ከተማዋን መልሰው ደበደቡ። ሕዝቡ በእግሩ ወደ ኢትዮጵያ ተሰደደ፤ ሐርትሼክ ላይ የተተከለው መጠለያ በአንድ ወቅት ከዓለም ትልልቆቹ አንዱ ነበር። የዛሬው ስደተኛ የትናንቱ አስተናጋጅ እንደነበረ አንርሳ። በሐርጌሳ መሐል ከተማ ዛሬ አንድ ሚግ አውሮፕላን በሐውልት ላይ ቆሞ ይታያል።

ከዚያ የሐርጌሳ ታሪክ ውስጥ የጅቡቲ ድርሻ የሆነ አንድ ሰው አለ፤ የዛሬው ጽሑፋችን ማዕከልም እሱ ነው። አህመድ መሐመድ ሐሰን ይባላል፤ የሶማሊያ አየር ኃይል አብራሪ ነበር። በ1988 ሐርጌሳን እንዲደበድብ ታዘዘ። ሚግ-17ቱን አስነሣና ወገኖቹን ከመምታት ይልቅ ወደ ጅቡቲ ይዞት መጣ። ተዋጊ ጄት የሚያበር ሰው በአንዲት በረራ እንደ እኛው ስደተኛ ሆነ።

ያዙልን ያልናችሁን ነገር አሁን አውጡት። ጌሙ ላይ ወደ ኋላ የሚያዞር ቁልፍ የለም። መሬቱ ይገፋሃል፣ አንተም ትተኩሳለህ፤ ሌላ ምርጫ አልተሠራልህም። አህመድ መሐመድ ሐሰን ግን ያንን ቁልፍ አገኘው። ልጆቻችን ከዚህ ሁሉ ወሬ አንድ ነገር ብቻ ቢይዙ ይህን ቢይዙ እንወዳለን። ተኩስ የሚባል ሰው ሁሉ መተኮስ ግዴታው የሚመስለው በቴሌቪዥን ነው። ነገ አድገው አንዱ ጎራ በዚህ፣ ሌላው በዚያ ሲጠራቸው፣ ወይም አንድ ደላላ “ከገባህ መውጫ የለም” ሲላቸው፣ አፍንጫውን ያዞረ ሰው እንደነበረ ያስታውሱ።

የካርቶኑን ወረቀት ለልጆቹ ሰጥተን “አውሮፕላኑ በታቹ የሚያየውን ሳሉ” አልናቸው። ብዙዎቹ ታንክ ሳሉ፤ ልማድ ነው። አንዷ ግን ጉድጓድ፣ አንዲት ሴትና ሁለት ፍየሎች ሳለች። “ቲቸር፣ እዚህ ላይ ዝም ብሎ ይለፍ” አለችን።

ታዲያ ጌሙ ይከልከል ወይስ ይፈቀድ? እኛ መከልከሉን አንደግፍም። ከተማው ጠባብ ነው፤ ፀሐይዋ ከሜዳ ታባርራለች፤ ከጌም ቤት የተባረረ ልጅ ወደ ቤተ መጻሕፍት አይሄድም፤ ወደ ወደቡ አካባቢ ነው የሚሄደው። እዚያ የሚጠብቀው ደግሞ ከማኮይ የባሰ ነጋዴ ነው። ነገር ግን ልቅ መተውም አይሆንም። ስለዚህ ለወላጆች የምንለው ይህ ነው።

አንደኛ፣ ሰዓት ይኑረው። የቤት ሥራ ከተሠራ በኋላ አንድ ሰዓት ይበቃል፤ ማታ በፍጹም። ገንዘቡም ከእናት ቦርሳ ሳይጠየቅ የሚወጣ እንዳይሆን ይታይ።

ሁለተኛ፣ አንድ ቀን አብራችሁ ግቡና እዩ። “ይሄ ማነው? ለምን ይተኩሳል? ማን ነው የከፈለው?” ብላችሁ ጠይቁ። ልጅ ለወላጁ ማስረዳት ይወዳል፤ ሲያስረዳም ያስባል። ጦርነትን በዓይኑ ያየ ልጅ ጌሙን ሲጫወት ላብ ካጠመቀው፣ ሌሊት ከባነነ፣ ወይም ሚራዥ ባለፈ ቁጥር ጠረጴዛ ሥር ከገባ ግን በቁጣ አይደለም፤ ከጌሙ ቀስ ብላችሁ አርቁትና ለጤና ባለሙያ ንገሩ፣ ለእኛም ንገሩን።

ሦስተኛ፣ ካልቀረ የተሻለ ጌም አለ። ዳን ጎርሊን የተባለ ሰው በ1982 “ቾፕሊፍተር” የሚባል ሠርቷል፤ በእነዚያ የሺህ ጌም ዕቃዎች ውስጥ ፈልጉት። ይህም በጎን የሚታይ የበረራ ጌም ነው፤ ሔሊኮፕተሩ ግን ወደ ቀኝም ወደ ግራም ይዞራል። በመጀመሪያው ጌም ላይ ከታች 64 ታጋቾች ይጠብቃሉ። ሔሊኮፕተሩ በአንዴ የሚይዘው 16 ሰው ነው፤ ስለዚህ ሁሉንም ለማውጣት ቢያንስ አራት ጊዜ መመላለስ ያስፈልጋል። (ሒሳቡን ለሁለተኛ ክፍል ሰጥተናቸው ነበር፤ አልተሳሳቱም።) በግዴለሽነት ከተኮስክ የራስህን ሰዎች ትገድላለህ፤ ተቻኩለህ ካረፍክም ትጨፈልቃቸዋለህ። በመጨረሻ የሚቆጠረው ስንት ጣልክ ሳይሆን ስንት ሰው አዳንክ ነው። ወጣቶቻችን በሚቀጥለው ወር ውድድር ለማድረግ አስበዋል፤ ብዙ ሰው በሕይወት ያወጣ ያሸንፋል። ሽልማቱ ደብተርና እስክሪብቶ ነው።

ለጠያቂያችን ለአራተኛ ክፍሉ ልጅ ያለን ምስጋና የላቀ ነው። ያነበበውን ፊደል ዝም ብሎ አላለፈውም፤ ጠየቀ። መምህር የሚደክመው ለዚህ ነው። በሚቀጥለው እትም፣ ሌላ ጥያቄ ካልቀደመን በስተቀር፣ ስለ ፈተና ዝግጅት ይዘን እንቀርባለን። ደብተራችሁን አዘጋጁ፤ ውኃ በብዛት ጠጡ፤ በቸር ያገናኘን።